ሰባት ልጆች በአንድ ሳሎን፦ ከሕፃን እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ትምህርትን እንዴት ማቀድ ይቻላል?

ጥያቄው፦ «በሰሜን ቨርጂንያ ቤቴ ውስጥ ላይሰንስ ያለው ዴይኬር አለኝ፤ የምሠራው ብቻዬን ነው። ልጆቹ የ9 ወር ሕፃን፣ የ18 ወር፣ የ2 ዓመት ተኩል፣ የ3 ዓመት፣ ሁለት የ4 ዓመት ልጆችና ከትምህርት ቤት በኋላ የሚመጣ የ6 ዓመት ልጅ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሁሉንም ሰብስቤ ለ45 ደቂቃ ፊደልና ቁጥር አስተምራለሁ። ትንንሾቹ ይረብሹታል፣ ትልልቆቹ ደግሞ ይሰለቻሉ። ለየዕድሜያቸው የተለያየ ዕቅድ ላውጣ? የ4 ዓመቶቹ ወላጆች ኪንደርጋርተን ከመግባታቸው በፊት ማንበብና መጻፍ እንዲችሉላቸው ይፈልጋሉ። አንዲት እናት ደግሞ የ5 ወር ልጇን እንድቀበላት ትለምነኛለች። የ2 ዓመት ተኩሉ ልጅ እስካሁን የሚናገረው ነጠላ ቃል ብቻ ነው፤ እናቱ ‹ሁለት ቋንቋ ተደባልቆበት ነው፣ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሪልኝ› ብላኛለች። አማርኛውን ልተወው?»

መጨረሻ ላይ ያነሱትን ልጅ ላስቀድም። ሌላው ጥያቄ አንድ ሳምንት ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ የእሱ ግን የጊዜ ገደብ አለበት። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከመናገር አያዘገይም። ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ልጆች የመጀመሪያ ቃላቸውን የሚናገሩትም ሆነ ሁለት ቃል ማገጣጠም የሚጀምሩት አንድ ቋንቋ ብቻ በሚሰሙ ልጆች የዕድሜ ክልል ውስጥ ነው። ሲቆጠር ግን የሁለቱም ቋንቋ ቃላት መደመር አለባቸው፤ «ውሃ»፣ «ሚልክ»፣ «እማ»፣ «ካር» የሚል ልጅ አራት ቃል አለው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ30 ወር ላይ ከአብዛኞቹ ልጆች የሚጠብቀው ወደ 50 ቃላትና «ውሻ ሮጠ» እንደሚለው ያለ ድርጊት ያለበት የሁለት ቃል ንግግር ነው። ይህ ልጅ በሁለቱም ቋንቋ ተደምሮ እዚያ ካልደረሰ አማርኛውን ማቋረጥ አይረዳውም። የሚረዳው መመርመር ነው።

ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ በቨርጂንያ ይህን የሚሠራው «ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን» የሚባለው አገልግሎት ነው። እናቱ ራሷ መደወል ትችላለች፤ የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልጋትም፣ ለምርመራውም አትከፍልም። በፌዴራል ሕጉ መሠረት ከተደወለበት ቀን አንስቶ በ45 ቀን ውስጥ ተመርምሮ፣ የሚገባው ከሆነ ዕቅድ ሊወጣለት ይገባል። ልጁ 3 ዓመት ሊሞላው የቀረው ግማሽ ዓመት ስለሆነ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ይናገራል» ተብሎ የሚባክን ወር የለም። የጆሮ ምርመራም ይደረግለት፤ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ በደንብ የማይሰማ ሕፃን ብዙ ነው። የእርስዎ ድርሻ ለአንድ ሳምንት የተናገረውን ቃል ሁሉ፣ አማርኛም ይሁን እንግሊዝኛ፣ ወረቀት ላይ ጽፎ ለእናቱ መስጠት ነው። የበሽታ ስም አይስጡት። ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ይንገሯት።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ለየዕድሜው የተለያየ ዕቅድ አያውጡ። ብቻውን እየሠራ ስድስት ዕቅድ የሚያወጣ ሰው አንዱንም ሳይፈጽም ይመሻል፤ ልጆቹም የሚያዩት ከጥግ ጥግ የምትሮጥ ሰው ይሆናል። አሁን እንደሚያደርጉት ሁሉንም አንድ ትምህርት ላይ ማስቀመጥም አይሆንም። የሚሠራው ሳምንቱን ሙሉ የሚቆይ አንድ ጉዳይ ይዞ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ አቅርቦ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ለእሱ የሚመጥነውን ጥያቄ መጠየቅ ነው።

ብዙዎቻችን በዕድሜ የተከፋፈለ ክፍል ውስጥ ስለተማርን የዕድሜ መደባለቅ ጉድለት ይመስለናል። የቄስ ትምህርት ቤት ግን ዕድሜ ሳይለይ ነው ያስተማረው፤ ፊደል የለየው ለጀማሪው ያስቆጥራል፣ ዳዊት የደገመው ታናሹን ያስጠናል፣ የኔታ ደግሞ ሁሉንም ይከታተላሉ። ማሪያ ሞንቴሶሪም በ1907 ሮም ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት ቤት የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ልጆች አንድ ላይ ነው ያስተማረችው፤ የእሷን መንገድ የሚከተሉ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉትን ሆን ብለው ያቀላቅላሉ። የ3 ዓመቱ ልጅ በአንድ ዓመት ከሚበልጠው ልጅ እያየ ይማራል፤ የ4 ዓመቷም የምታውቀውን ስታስረዳ ዕውቀቷ ይጸናል። ቁጭ ብሎ በቃል መሸምደድ ለ3 ዓመት ልጅ ስለማይሆን ከየኔታ የምንወስደው መደባለቁን ነው።

ጠዋት ላይ ለሚገጥምዎት ረብሻም ምክንያቱ ርዝመቱና ይዘቱ እንጂ የልጆቹ ባሕርይ አይደለም። የ18 ወር ልጅ እንዲቀመጥ ተገድዶ የሚማረው ነገር የለም። ሁሉም የሚሰበሰቡበትን ሰዓት፣ ሰርክል ታይሙን፣ ወደ 10 ደቂቃ ያሳጥሩት። አንድ መዝሙር በእጅ እንቅስቃሴ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ስም የሚጠራ ሰላምታ፣ አንድ አጭር መጽሐፍ ይበቃል። ሕፃኑ ጭንዎ ላይ ይሁን። የ18 ወሩ ተነስቶ ቢሄድ ይሂድ፤ አሻንጉሊቱን እየገፋም ይሰማል፣ ሲፈልግ ይመለሳል። ትንንሾቹን ጸጥ ለማሰኘት ቴሌቪዥን መክፈት ግን መውጫ መንገድ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ18 ወር በታች ላሉ ልጆች ከቪዲዮ ጥሪ በስተቀር ስክሪን እንዳይከፈት ነው የሚመክረው።

«አንድ ጉዳይ፣ የተለያየ ጥያቄ» ያልኩትን በካልሲ ላሳይ፤ ምንም ወጪ የለውም። የሳምንቱ ጉዳይ ልብስ ማጠብ ነው እንበል። ሳሎኑ ውስጥ ፎጣ አንጥፈው ዝቅ ያለ ሰፊ ሳፋ ላይ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ ያድርጉ፤ ከየቤቱ የመጣ አሮጌ ካልሲ በቅርጫት ያቅርቡ። የ9 ወሩ ሕፃን ከሳፋው ራቅ ብሎ ደረቅና እርጥብ ካልሲ ይይዛል፣ ይጨምቃል፣ ወደ አፉ ይወስዳል፤ እርስዎ «እርጥብ ነው፣ ቀዘቀዘህ?» ይሉታል። የ18 ወሩ ቅርጫት ውስጥ ይከታል፣ ያወጣል፣ እንደገና ይከታል። ይህ ለአዋቂ አሰልቺ ነው፤ ለእሱ ግን «ውስጥ» እና «ውጭ» ማለት ምን እንደሆነ በእጁ የሚያውቅበት ሥራ ነውና አያስቁሙት። የ2 ዓመት ተኩሉ ያሻል፣ የቀለም ስም ይሰማል። እዚህ ላይ ቃል አያስወጡት፤ «ካልሲ» ሲል «አዎ፣ ቀይ ካልሲ። ቀይ ካልሲ እናጥባለን» ብለው አንድ ቃል ጨምረው ይመልሱለት። የ3 ዓመቷ ጥንድ ጥንዱን ትፈልጋለች። የ4 ዓመቶቹ በወንበሮች መካከል በተዘረጋ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ያሰጣሉ፣ ጥንዶቹን ይቆጥራሉ፣ የማን እንደሆነ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ምልክት ያደርጋሉ። መቆንጠጫውን የሚጫኑት ጣቶች በኋላ እርሳስ የሚይዙት ናቸው። የ6 ዓመቱ ከሰዓት ሲመጣ ገመዱ ላይ የተሰጡትን ካልሲዎች ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እያለ ይቆጥራል፤ ስንቱ ጥንድ እንደጎደለው ያሰላል።

ሥራው ሁሉ 30 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በማግስቱ ዕቃው ያው ሆኖ ጥያቄው ይለወጣል፤ ትልቁ ካልሲ የማን ነው? የትኛው ቀድሞ ይደርቃል፣ ወፍራሙ ወይስ ስሱ? ትናንት መስኮት አጠገብ የተሰጣውስ? ልጆች ደጋግመው ሲነኩት ነውና የሚገባቸው፣ በየቀኑ አዲስ ነገር ለማቅረብ አይጨነቁ።

ሁለት አደጋዎች ላይ ግን ቸል አይበሉ። ሕፃን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ሊሰጥም ይችላል፤ ሳፋው ውሃ እስካለበት ድረስ ከእጅዎ ርቀት አይለይ፣ በር ቢንኳኳ መጀመሪያ ውሃውን ይድፉ። ሁለተኛው መታነቅ ነው። የተደባለቀ ዕድሜ ባለበት ቤት አደጋው የሚለካው በታናሹ ልጅ ነው። በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቀለበት ውስጥ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ትንንሾቹ በሚደርሱበት ቦታ መኖር የለበትም፤ ለመቁጠር ብለን የምናወጣው ባቄላና ዶቃም እዚህ ውስጥ ይገባል። በእኛ ቤት ደግሞ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻና ቆሎ መሬት ላይ መንጠባጠቡ የተለመደ ነው። ሁለቱም ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ የመታነቅ አደጋ አላቸው። ረከቦትና የፈላ ጀበና ልጆች ባሉበት ሰዓት ባይወጡ ይሻላል።

ሕፃኑ በሳምንቱ ዕቅድ አይመራም፤ የራሱ ሰዓት አለው። የ9 ወር ሕፃን ትምህርቱ ዳይፐር ሲቀየርለት፣ ሲበላና መሬት ላይ ሲድህ የሚያገኘው ነው። ዳይፐር ሲቀይሩ ዓይኑን እያዩ የሚሠሩትን ይንገሩት፤ ድምፅ ሲያወጣ ዝም ብለው ይስሙት፣ ከዚያ ይመልሱለት። ይህ ተራ የመጠባበቅ ጨዋታ የንግግር መሠረት ነው። ዥዋዥዌ ወንበርና ከፍ ያለ ወንበር ላይ የሚያሳልፈውን ጊዜ ይቀንሱ። ሲተኛ በጀርባው፣ በራሱ አልጋ፣ ያለ ትራስና ያለ ብርድ ልብስ ይሁን፤ አያቱ «ይበርደዋል» ብትል እንኳ የእንቅልፍ ልብስ ይለብሳል እንጂ ምንም አይደረብበትም።

የ5 ወሯን ልጅ መቀበል አይችሉም። የቨርጂንያ ደንብ ለአንድ ተንከባካቢ የሚፈቅደው 16 ነጥብ ነው። እስከ 15 ወር ያለ ልጅ 4 ነጥብ፣ ከ16 እስከ 23 ወር 3፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት 2፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት 1 ነጥብ ይቆጠራል። የእርስዎን ልንደምር፦ ሕፃኑ 4፣ የ18 ወሩ 3፣ ከዚያ አራቱ ልጆች 8፣ የ6 ዓመቱ 1፤ ድምሩ 16። ሞልቷል። ጠዋት የ6 ዓመቱ በሌለበት 15 ቢሆንም 4 ሲጨመርበት 19 ይሆናል። ረዳት ካልቀጠሩ በስተቀር መንገድ የለም። ነጥቡ የአንድ ሰው ዓይንና እጅ ለስንት ልጅ ይበቃል ለሚለው የተሰጠ መልስ ነው። ሁለት ሕፃናት በተመሳሳይ ሰዓት ሲያለቅሱ ከላይ የጻፍኩት የካልሲ ሥራ በሙሉ ይቀራል፤ ተጎጂዎቹም የ4 ዓመቶቹ ናቸው። ለእናትየዋ ዛሬውኑ ይንገሯት፣ ሌላ ቦታ ትፈልግ።

የ4 ዓመቶቹ ወላጆች ጭንቀት እውነተኛ ስለሆነ በቁም ነገር መመለስ አለበት። በቨርጂንያ ኪንደርጋርተን የሚገባው በፈረንጆቹ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 5 ዓመት የሞላው ልጅ ነው። ሲገባ እንዲያነብ የሚጠብቀው የለም። ክፍለ ግዛቱ ቪኬአርፒ በሚባለው ምዘና የሚያየው አራት ነገር ነው፦ የንባብ መነሻ ችሎታ፣ ሒሳብ፣ ራስን መቆጣጠርና ከሌሎች ጋር መግባባት። ከአራቱ ሁለቱ በወረቀት ልምምድ የማይገኙ፣ ታናሽ ልጅ ባለበት ቤት ግን በየዕለቱ የሚለመዱ ናቸው። ተራ የሚጠብቅ፣ ሲናደድ የማይመታ፣ ሁለት ትእዛዝ ሰምቶ የሚፈጽም ልጅ መምህሩ ያስተማረውን ለመውሰድ ዝግጁ ነው።

ይህን ስል ፊደሉ ይተው ማለቴ አይደለም። ሕፃኑና የ18 ወሩ ከምሳ በኋላ ሲተኙ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ለ4 ዓመቶቹ ብቻ ይመድቡ፤ የ3 ዓመቷ ካልተኛች ትጨመር። ያ ሰዓት የእነሱ ነው፤ ዕቃ የሚታጠብበት ሰዓት አይሁን። በስማቸው ፊደል ይጀምሩ፤ ለልጅ ከራሱ ስም የበለጠ የሚወደድ ጽሑፍ የለም። ከመጻፍ በፊት ድምፅ መለየት ይቅደም፤ «በ‹ማ› የሚጀምር ነገር ከዚህ ክፍል ውስጥ ፈልጉልኝ» ማለት ከአንድ ገጽ ነጠብጣብ ማያያዝ ይበልጣል። አንድን መጽሐፍ ሳምንቱን ሙሉ ደጋግመው ያንብቡ፤ አርብ ላይ እነሱ ለታናናሾቹ በሥዕሉ ይተርኩ። ምሳ ሲቀርብም ይቁጠሩ፦ «ስድስት ነን፣ አራት ሳህን አለ፣ ስንት ይጎድለናል?»

የ6 ዓመቱ ልጅ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ ነው። መጀመሪያ ይብላ፣ ግቢ ውስጥ ይሩጥ። ከዚያ ቢፈልግ ለታናናሾቹ ያንብብ። ረዳት ሠራተኛ ግን አያድርጉት፤ ሕፃን አይሸከም፣ «እይልኝ» ተብሎ ከትንንሾቹ ጋር አይተው። ትልቅ ልጅ ታናሹን መርዳቱ የሚጠቅመው ወዶ ሲያደርገውና ሲሰለቸው መተው ሲችል ነው።

አማርኛውን አይተዉ። ለሁሉም ልጆች ነው የምለው። እርስዎ በጣም ሀብታም በሆነ፣ በተረትና በእንቆቅልሽ በተሞላ ቋንቋ የሚናገሩት በአማርኛ ከሆነ ልጆቹ ማግኘት ያለባቸው ያንኑ ነው፤ በተሰበረ እንግሊዝኛ አጫጭር ትእዛዝ መስማት ለእንግሊዝኛቸውም አይጠቅምም። እንግሊዝኛውን በመጽሐፍ፣ በመዝሙርና በ4 ዓመቶቹ ሰዓት ያስገቡት፤ የሌላ ቋንቋ ልጆች ካሉ ደግሞ እነሱ የሚገባቸውን ይናገሩ። ስለ መጠንና ስለ ቁጥር በአማርኛ የገባው ልጅ በእንግሊዝኛ አዲስ የሚሆንበት ስሙ ብቻ ነው።

ዕቅዱን በአንድ ገጽ ይጻፉ። ከላይ የሳምንቱ ጉዳይና ዕቃው፣ ከታች የሰባቱ ልጆች ስም፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሁለት ባዶ ቦታ፦ «ምን አየሁ» እና «ቀጥሎ ምን ልስጠው»። በቀን አንድ ወይም ሁለት ልጅ ላይ ብቻ ያተኩሩ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ጎበዝ ነበረች» ብሎ መጻፍ ግን ምንም አይነግርም፤ «አራት ጥንድ አገኘች፣ አምስተኛውን በቀለም ተሳሳተች» የሚለው የማግስቱን ሥራ ይነግርዎታል። የመንግሥት ድጎማ (ሳብሲዲ) የሚቀበሉ ከሆነ ቪኪውቢ5 በሚባለው የጥራት መለኪያ ውስጥ አሉ፤ ታዛቢው መጥቶ በዋናነት የሚያየው ከልጆቹ ጋር የሚነጋገሩበትን መንገድ ነው። በግድግዳ ጌጥ ገንዘብ አያጥፉ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የ45 ደቂቃውን ትምህርት ያቁሙ፤ በምትኩ 10 ደቂቃ መሰባሰብ፣ 30 ደቂቃ የጋራ ሥራ፣ ከቤት ውጭ ጨዋታና በእንቅልፍ ሰዓት የ4 ዓመቶቹ ትምህርት ይሁን። ለአራት ሳምንት ሳይቀይሩ ይሞክሩት። የመጀመሪያው ሳምንት ከአሁኑ የባሰ ትርምስ ሊመስል ይችላል፤ ልጆች አዲስ ሥርዓት እስኪለምዱ ጊዜ ይወስዳሉ። አንድ ገደብም አለ። ብቻዎን ሆነው ለ4 ዓመት ልጅ እኩዮች የሞሉበት ክፍል የሚሰጠውን ሁሉ መስጠት አይችሉም። ከሁለቱ የ4 ዓመት ልጆች አንዱ ሥራውን ሁሉ ቶሎ እየጨረሰ እርስዎ የሚያባብሉት ከሆነ፣ ቤተሰቡም ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ፣ ቪፒአይ ስለሚባለው፣ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለ4 ዓመት ልጆች ስለሚሰጡት ነፃ ፕሮግራም ለወላጆቹ ይንገሯቸው። ምዝገባው የትምህርት ዓመቱ ከመጀመሩ ወራት ቀድሞ ስለሚከፈት የወረዳቸውን የትምህርት ቤት ቢሮ አሁኑኑ ይጠይቁ፤ የልደት ማስረጃ፣ የአድራሻ ማረጋገጫና የክትባት ካርድ ካሁኑ ያዘጋጁ።